በማር ውስጥ የቆመችው ኳስ

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ነገር ኳስ መጣል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሮቤ ባለው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ። ባለቤቴ ታደለ ከአሮጌ የብስክሌት ኩሽኔታ የወጣች፣ ከሽምብራ የማትበልጥ የብረት ኳስ በሁለት ጣቱ ይዞ ማር የሞላው ረጅም ብርጭቆ አፍ ላይ ያቆማል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ ብርጭቆው ላይ የተሰመሩትን ሁለት ቀይ መስመሮች አያለሁ። «ዝግጁ?» ይላል። «ዝግጁ» እላለሁ። ይለቃታል። ኳሷ የላይኛውን መስመር ስታልፍ መቁጠር እጀምራለሁ፣ የታችኛውን ስታልፍ አቆማለሁ፤ እሱ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ ከድሮ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የተፈታ ማግኔት በብርጭቆው ውጪ እያስጠጋ ኳሷን ወደ ላይ ስቦ ያወጣታል፣ ይጠርጋታል፣ እንደገና ይጥላታል። የዚያን ቀን ግን ኳሷ የታችኛው መስመር ጋ አልደረሰችም። መሐል ላይ ቆመች። እስከ መቶ ሃያ ቆጥሬ ተውኩት። ታደለ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫው ብርጭቆውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ አያት፤ ከዚያ ቀና ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። «እምቢ አለ» አለ። «ብርሃኔ፣ ማሩ እምቢ አለ።» ማግኔቱን አንስቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው። «አትንኪያት። እዚያው ትሁን። የት እንደምትደርስ እናያለን» አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሊያስተምር ሲሄድ ባጃጅ ውስጥ ልቡ ቆመ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈ፤ ኳሷን አልነካሁም።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እጄ ቀርፋፋ ሆኖ አይደለም፤ በወጣትነቴ ከጎባ ታይፒስቶች ፈጣኗ እኔ ነበርኩ። ከታደለ ጋር የተገናኘነውም በዚያው ሥራ ነው። ያኔ ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነበረች፣ ቢሮውም፣ ሆስፒታሉም፣ ዘናጩም ሁሉ እዚያ። ሮቤ በስንዴ ማሳ የተከበበች ጭቃማ ከተማ ነበረች፤ ከጎባ ሮቤ አውቶቡሱ ሃምሳ ሳንቲም ያስከፍላል፣ ሃምሳ ሳንቲም የሌለው በጋሪ ይሄዳል፣ ጋሪም ያጣ የባሕር ዛፉን ጥግ ይዞ በእግሩ ያዘግማል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ፎቁም ግርግሩም ሮቤ ነው፣ ጎባ ጉሟን ለብሳ ከላይ ሆና ታየናለች። ከቢሯችን ፊት ለፊት፣ ወደ ገበያ በሚወርደው መታጠፊያ ላይ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት። ራዲዮናቸው ሲሞቅ እንጂ አይዘፍንም፤ ባለቤቱ በጋቢ ጠቅልሎ ያሞቀዋል፣ ከዚያ የክራሩ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። የዚያን ዘፈን ግጥም ረስቼዋለሁ፤ መንቀጥቀጡን ግን ዛሬም ብርድ ሲሆን ጥርሴ ላይ እሰማዋለሁ።

ታደለ ያኔ የጎባ ተማሪዎችን ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡኒ ጃኬትና ከታች የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ጭቃው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ስሎበት፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ቢሯችን ገባ። እንዲባዛለት ስቴንስል ላይ እንድመታለት ለመነኝ። ወረቀቱ በአማርኛ ነው፤ የፊዚክስ ትምህርት በአማርኛ ተጽፎ ያየሁት ያኔ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ልጆቹ ቃሉን በእንግሊዝኛ ያውቁታል፣ ነገሩን አያውቁትም። ነገሩን የሚያውቁት እናቶቻቸው ናቸው» አለኝ። ወረቀቱ ስለሚፈስ ነገር ነበር። በመጽሐፍ ያለው ቀላሉ ሕግ ለውሃና ለዘይት ይሠራል፤ ሁለት እጥፍ ብትገፋው ሁለት እጥፍ ይፈሳል። እናቶቻችን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያማስሉት ነገር ግን አብዛኛው ለዚያ ሕግ አይታዘዝም። ታደለ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው እነዚያን የማይታዘዙትን መለየትና በየወገናቸው መመደብ ነው።

በዚያው ቀን ጠረጴዛዬን መማሪያ ክፍል አደረገው። የወረቀት ክምሬን የላይኛውን ጫፍ በመዳፉ ወደ ጎን ገፋው፤ ክምሩ ተጋደመ። ይህ መንሸራተት ነው አለ፣ አንዱ ገጽ በሌላው ላይ። ቀጥሎ የገንዘብ ያዧን ላስቲክ ወስዶ ለጠጠው፤ ይህ መለጠጥ ነው። ከዚያ ክምሩን እንዳለ አንስቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ይህስ ምንድን ነው አለኝ። ቦታ ለቀቀ አልኩት። ቅርጹ ተለወጠ ወይ አለኝ። አልተለወጠም አልኩ። ታይፒስት ሆኜ ከተማሪዎቹ ቀድሞ ስለገባኝ ደስ አለው። የሄደ ሁሉ ቅርጹ ተለወጠ ማለት አይደለም፣ ቅርጽ የሚለወጠው ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ሲለወጥ ነው ብሎ አስረዳኝ። የቢሮ ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሮ፣ «መምህር፣ እኛ ጋ ወረቀቱ ካልተመለሰ የሚለወጠው የእርስዎ ቅርጽ ነው» አለው። ያንን ትምህርት ሳስበው ቀልዱን ቀድሜ አስታውሳለሁ። ቁም ነገሩ የገባኝ ግን እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ቤቱ ያው ነው፣ ዕቃው የነበረበት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ተለውጧል።

ስሞቹን ያወጣነው ሁለታችን ነን። እሱ ጠባዩን ይነግረኛል፣ እኔ ስሙን አመጣለሁ። ሲገፉት የሚላላውን፣ እንደ እርጎና እንደ ተልባ ያለውን፣ «ይሉኝተኛ» አልኩት፤ ጫን ሲሉት እሺ የሚል ስለሆነ። ካልተገፋ ንቅንቅ የማይለውን፣ ገንፎውን፣ ቅቤውን፣ የግድግዳ ጭቃውን፣ «እምቢተኛ» አልነው። ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት የሚሰበሰበው ሊጥ «አስታዋሽ» ሆነ። በውሃ የተበጠበጠ ቡላ ደግሞ አለ፤ ጣትን ቀስ አድርገው ቢሰዱት ይዋጣል፣ በጥፊ ቢመቱት ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እሱን «ግልፍተኛ» አልነው። ቡላውን የምንገዛው ከሸምሱ ነው። ሸምሱ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ገበያ ዳር ሱቅ የከፈተ፣ አሁን ጢሙ የሸበተ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ታደለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳህን አስመጥቶ ቡላ በጥብጦ በጥፊ ሲመታ፣ ገበያተኛው ከቦ ሲያይ፣ ሸምሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወላሂ መምህር፣ ሰው ቡላ በቅቤ ይበላል፣ አንተ ትደበድበዋለህ» ማለቱ እስካሁን በገበያው ይወራል። ከዚያ ወዲህ ቡላ ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ሰውዬው ዛሬስ ማንን ሊመታ ነው ይለኝ ነበር። አሁን አይለኝም። ይመዝንልኝና ከላይ አንድ ጭብጥ ይጨምርልኛል።

ሰውንም እንመድብ ነበር። የታደለ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግልፍተኛ ነበሩ፤ ቀስ ብለው ለቀረቧቸው ማር ናቸው። ታደለ ራሱ ይሉኝተኛ ነው። እኔስ ስለው ለረጅም ጊዜ አልመለሰልኝም። በመጨረሻ አንድ ቀን የደብተሩን የመጀመሪያ ዓምድ፣ ለሕጉ የሚታዘዙት ውሃና ዘይትና ማር የተጻፉበትን፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ «አንቺ እዚህ ነሽ። ቀጥተኛ። ባንቺ ነው ሌላውን የምለካው» አለኝ። ሳቅሁ። ቃሉ ግን እላዬ ላይ ቀረ።

የማሩ ብርጭቆ ነገር እንዲህ ነው። ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ታደለ እዚያ አስተማሪ ሆኖ ገባ፣ እኛም ከጎባ ወርደን ይህን ቤት ሠራን። ለሁሉ ነገር ማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ቀጥተኛ ፈሳሽ ቤት ውስጥ ማኖር አለብኝ አለና ከደሎ መና የመጣ የጫካ ማር መረጠ፤ ጠቆር ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ሲፈስ የማይቆራረጥ። ዓመት በዓመት ኳሷን ይጥልበታል። የምቆጥረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የእሱ ሰዓት ሮጦ ሮጦ የሚቆም ነበር፣ የእኔ ቆጠራ ግን የታይፕ ምት ስለለመደ አንዲት ሰከንድ አይዛነፍም ይል ነበር። ሃያ ሁለት። ክረምት ሲበርድ ሃያ አራት። ማሩ ሁልጊዜ አንድ ነው።

በዚያ በመጨረሻው ዓመት ታደለ ለፈተና ጉዳይ አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ የማርያም ማኅበር ተራዬ ደረሰ። በሰፈራችን ማኅበር የደገሰ ሰው ጠጅ ለማይጠጡ ሙስሊም ጎረቤቶቹ በማር የሚበጠበጥ ብርዝ ይልካል፤ እነሱም በኢድ የእኛን ድርሻ አይረሱም። ብርዝ ያልላከ ሰው ስሙ እስከሚቀጥለው ማኅበር ሲነሣ ይከርማል። ዝናቡ ግን የሐረናን ጫካ መንገድ በጭቃ ዘግቶ ከደሎ መና መኪና አልወጣ አለ፣ ገበያው ላይ ማር ጠፋ። ጎባ ያለችው እህቴ እልካለሁ ያለችው ማርም በቀኑ አልደረሰም። መስኮቱ ሥር ያለውን ብርጭቆ አየሁት። ከግማሽ በላዩን ቀዳሁ። ብርዙ ተበጠበጠ፣ ተላከ፣ ተመሰገንኩ። በማግስቱ የእህቴ ባልዲ ደረሰ፤ የጎባ ደጋ ነጭ ማር ነው፣ ብርድ ሲያገኘው እንደ ቅቤ የሚረጋ። ብርጭቆውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሜ፣ ነጩን ጨምሬበት፣ በማማሰያ ቀስ አድርጌ አዋሃድኩት። ሲታይ ያው ማር ነው። ትንሽ ነጣ ብሏል እንጂ።

ታደለ በተመለሰ ቀን ጣለበት፤ ሃያ ስድስት። ቀዝቅዞ ይሆናል አለ። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ አምስት። ከዚያ በየቀኑ መጣል ጀመረ። ሃምሳ። ሰባ። ራሴ ያደረግሁትን ራሴ እቆጥራለሁ። ሁለት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ቀደመኝና ስለ ማሩ ማውራት ጀመረ። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው፣ ለብዙ ጊዜ ደክሞት ያየሁት ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ጫማውን ሳያስር ወደ ብርጭቆው ይሄዳል። ደስታው አፌን ዘጋው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኳሷ ቆመች። የዚያን ዕለት ደብተሩ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ቀጥተኛውም ብቻውን ከተተወ እምቢተኛ ይሆናል። የደሎ መና ማር፣ በአሥራ ሁለት ቀን።» እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። እሑድ እንግዳ መጣ። ሰኞ እሱ ክፍል ነበረው። ማክሰኞ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

ድንኳኑ ተነቅሎ፣ አልቃሹ ሄዶ፣ ቤቱ ሲቀርልኝ፣ ከብርጭቆው ጋር ተፋጠጥን። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም፤ ስለ ማር ምን ተብሎ ይነገራል? ጃኬቱን ለሰው ሰጠሁ፣ ጫማውን ሰጠሁ፣ ብርጭቆውን ግን አቧራውን ከመጥረግ በቀር አልነካሁትም። አትንኪያት ብሎኛል። በመጀመሪያው ዓመት የካቲት ላይ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ሰንብታ፣ አንድ ጠዋት ባየው ኳሷ የነበረችበት የለችም። ጣት ያህል ወርዳለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፀሐይ ማሩን አላልቶት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህን ያላወቅሁ ሴት አይደለሁም። ግን ከጀርባዬ «ዝግጁ?» የሚል ሰምቻለሁ። በድምፁ፣ ቃሉን መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ በሚያደርግበት አኳኋን። ከዚያ ወዲህ ክረምት ትቆማለች፣ በጋ ጥቂት ትወርዳለች። ወጥቼ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ባለቤቴ የጠየቀውን ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ሄዷል፤ መልሱ ያለው እኔ ጋ ነው፣ እሱም ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ነው የሚመስለኝ የነበረው።

ባለፈው ወር ቡላ ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ «አካም ጅርቱ፣ እትዬ ብርሃኔ» የሚል ሰማሁ። ሐዊ ናት፤ የታደለ ተማሪ የነበረች፣ አሁን በእሱ ቦታ የምታስተምር ልጅ። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችና ልትመጣ እያሰበች እንደነበር ነገረችኝ። የመምህሯን ማስታወሻዎች ሰብስባ ለተማሪዎች በአንድ ጥራዝ ልታሳትም ነው፤ ደብተሩን ከቀብሩ በኋላ ወስዳ የገለበጠችው እሷ ነበረች። በማግስቱ ቤት መጣች። ስለ ስሞቹ አወራን፣ ስለ ይሉኝተኛውና ስለ ግልፍተኛው፤ ተማሪዎቹ አሁን እርስ በርሳቸው በዚያ እየተሰዳደቡ ነው ብላ አሳቀችኝ። መጽሐፉ የሚያልቀው በማሩ ገጽ ነው አለች። ከዚያ ሻዩን አስቀመጠች።

«አንድ ያስቸገረኝ ነገር አለ» አለች። «የማሩን ነገር ልደግመው ሞከርሁ። አንገቱ ከተማ ያለችው አክስቴ የጫካ ማር ላከችልኝ፣ ልክ መምህር እንዳደረጉት አቆምሁት። አሥራ ሁለት ቀን አልሁ፣ ወር አልሁ፣ ሰባት ወር ጠበቅሁ። ኳሷ አልቆመችም። ተማሪዎቹ የተሳሳተው ማነው እያሉኝ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ አልሁ። እንደዚያው ብዬ ልጽፍ ነው።»

ሦስት ዓመት ያረገዝሁት ነገር ያን ያህል አጭር መሆኑ ገረመኝ። ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ብርዙ፣ ስለ እህቴ ባልዲ ነገርኳት፤ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ነገሩ አለቀ። ለመምህርሽ አልነገርሁትም አልኳት። ቀጥተኛ ብሎኝ ነበር አልኳት። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ የማየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሴን እጅ ነው። የምጠብቀው ቁጣ ነበር፣ ወይ ደግሞ ከቁጣ የሚከፋውን፣ ለአሮጊት የሚደረገውን ማጽናናት።

«ስንት ስንት አደረጓቸው?» አለች ሐዊ።

«ምኑን?»

«የጫካውንና የነጩን። እኩል ነው?»

ቀና አልኩ። እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ውስጥ መዝዛለች፣ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ ነው።

«ነጩ ይበልጣል» አልሁ።

«ውሃው ለብ ያለ ነው ያሉት? እጅ የሚያስችል?»

«የሚያስችል።»

ጻፈችው። ያለቀስሁት ያኔ ነው። ታደለም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር፣ ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም ሌላ ነገር አይጠይቀኝም ነበር፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሐዊ እስክጨርስ ጠበቀች። ቢያውቅ ይቆጣኝ ነበር ወይ አልኳት።

«መምህር?» አለች። «መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ማኅበር መቼ ነው ይሉዎት ነበር።»

ገጹን ከመጽሐፉ እንዳታወጣው ለመንኳት፤ እሷም አላሰበችውም። የእሱ ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጥ፣ ከሥሩ የእኔ ይጨመር ተባብለን ተስማማን። ደብተሩን አመጣችልኝ። ታይፕ ልመታው አስቤ ነበር፣ በእጄ ጻፍሁት፦ «ይህ ማር የደሎ መና ብቻ አይደለም። ከግማሽ በላይ የጎባ ነጭ ማር ነው። የቀላቀልሁት እኔ ነኝ፤ ሳልነግረው ሞተ። ብርሃኔ፣ ቆጣሪ።» ሐዊ አንብባ አንድ ነገር ብቻ አስተካከለችልኝ። «ከግማሽ በላይ» አይበቃም፣ ስንት ከስንት እንደሆነ በልኬት ማወቅ አለብን አለች። ያን ደግሞ ሊነግረን የሚችለው ሌላ ብርጭቆ፣ ሌላ ማር፣ ብዙ ቅዳሜ ነው።

የእሱን ብርጭቆ አልነካሁትም። ኳሷ ከታችኛው መስመር ጣት ያህል ቀርቷታል፤ በዘንድሮው በጋ ትደርስ ይሆናል፣ ላትደርስም ትችላለች። አጠገቡ አራት አዳዲስ ብርጭቆዎች ቆመዋል፣ ነጩ ማር ከአንዱ ወደ አንዱ እየጨመረ የሚሄድባቸው። አዲሷን ኳስ ከሸምሱ ጎረቤት ከብስክሌት ጠጋኙ ነው ያገኘኋት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዊ ብትመጣም ባትመጣም መነጽሬን አድርጌ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ «ዝግጁ» እላለሁ። ኳሷን እጥላለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ።